ትልቅ የበሬ ሥጋን በከሰል መጥበስ፦ ሳይደርቅና ሳይጠነክር እንዲበስል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ ከ2 ኪሎ በላይ የሚመዝን ያልተከተፈ የበሬ ሥጋን የሚመለከቱ ሲሆን፣ የተዘጋጁት በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ በከሰል ለሚጠብሱ ነው።

ሥጋን ሳይከትፉ መጥበስ ከተለመደው ጥብስ በምን ይለያል?

የተከተፈ ሥጋ በኃይለኛ እሳት 10 ደቂቃ ይበቃዋል። 3 ኪሎ የሚመዝን ወጥ ሥጋ ግን ሙቀቱ እስከ መሃሉ እስኪዘልቅ ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በክትፉ እሳት ከጠበሱት መሃሉ ገና ሳይሞቅ ላዩ ከሰል ይሆናል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከፍሙ ራቅ ብሎ በለዘብታ ይበስላል፤ ፍም ላይ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ለማቅላት ያህል ብቻ ነው።

ጥብስ የሚጠነክረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው መብዛት ነው፦ የሥጋው ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ክሮቹ እየተኮማተሩ ውሃቸውን ይጨምቃሉ፣ 70 ሲያልፍ ብዙው ጭማቂ ፍሙ ላይ ፈስሷል። ሁለተኛው ማነስ ነው፦ ጅማት የበዛበት ሥጋ የሚለሰልሰው ጅማቱ ከ70 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት ቆይቶ ሲቀልጥ ብቻ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ አያያዝ ይፈልጋሉ። ጅማት የሌለው ቶሎ ይነሳል፣ ጅማታሙ ብዙ ይቆያል፤ መካከለኛ መንገድ የለም። ከሰል ከመለኮስዎ በፊት በእጅዎ ያለው ሥጋ የትኛው እንደሆነ ይወስኑ፤ የተበላሸ ጥብስ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሥጋ ቤት ሄጄ የትኛውን ብልት ልጠይቅ?

በአጭር ጊዜ (ከ1 እስከ 1 ሰዓት ተኩል) ለሚደርስ ጥብስ ሽንጥ ይጠይቁ። ጭቅናም ይለሰልሳል፣ ግን ቀጭንና ስብ የሌለው ስለሆነ በቶሎ ይደርቃል፤ ለጀማሪ አይመከርም። ዳቢትና ጎድን ከነአጥንታቸው ጥሩ ናቸው፤ በክሮቹ መካከል ያለው ስብ እየቀለጠ ሥጋውን ያርሰዋል። ፍሪንባ፣ ወርችና ሻኛ ረጅም ሰዓት ከሌለዎት አይንኳቸው። የኋላ እግር ሥጋ (ታላቅ፣ ታናሽ፣ ንቅል የሚባሉት) ቀይና ስብ የለሽ ነው፤ ይሆናል፣ ግን ከ63 ዲግሪ ካለፈ ይደርቃል።

ሻጩ እንዳይቆራርጠው አስቀድመው ይንገሩት፤ እጁ ለክትፎና ለጥብስ የለመደ ነው። ውፍረቱ ከ7 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ ይምረጡ። አንዱ ጫፍ ቀጭን ከሆነ አጥፎ በክር ማሰር ይቻላል። ላዩ ላይ ያለውን ጮማ እስከ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይተዉት፣ ከዚያ በላይ ያለውን ያንሱ። እንደ ላስቲክ የሚያብረቀርቀውን ስስ ነጭ ሽፋን ግን ሙሉ በሙሉ ይግፈፉት፤ እሳት ሲነካው ተኮማትሮ ሥጋውን ያጣምመዋል፣ በጥርስም አይቆረጥም።

ጠዋት የታረደ የቅርጫ ሥጋ ከሰዓት በኋላ ሲጠበስ ለምን ይጠነክራል? ጥሬው እኮ ለስላሳ ነበር።

ብዙዎች ጥፋቱን በእሳቱ ወይም በሥጋ ሻጩ ያላክካሉ፤ ችግሩ ግን ሰዓቱ ነው። በሬ ሲታረድ ጡንቻው ወዲያውኑ አይደርቅም። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት ልል ነው፤ ትኩሱ ቁርጥ አፍ ውስጥ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጡንቻው የነበረውን ኃይል ጨርሶ ይገትራል፣ እስከ ማግስቱም እንደዚያው ይቆያል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ታርዶ ከቀኑ 8 ሰዓት እሳት ላይ የወጣ ሥጋ በመጥፎው ሰዓት የተጠበሰ ሥጋ ነው። ከዚያ በኋላ በሥጋው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ክሮቹን ቀስ በቀስ ያላላሉ፤ በቅዝቃዜ ከተያዘ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ስለዚህ በእርዱ ቀን ጥብስ የሚፈልግ ሰው ከትኩሱ ወዲያውኑ ክትፉን ይጥበስ፤ ትልቁን ሥጋ ያሳድር። ለፋሲካ ይህ በጣም ይመቻል፤ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም እሑድ የታረደውን እስከ ረቡዕ አቆይቶ መጥበስ ይቻላል። በሌላው ጊዜ እሑድ የታረደ ሥጋ ከረቡዕ ጾም በፊት ማክሰኞ ላይ ይድረስ፤ ሁለት ሌሊት አድሯል፣ ከእሑዱ በብዙ ይሻላል።

ታዲያ እንዴት ላሳድረው?

ትኩስ ሥጋ በቀጥታ ፍሪዘር ውስጥ አይገባም። ጡንቻው ገና ሳይገትር ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ በኃይል ይኮማተራል፣ ያ መጠንከር በኋላ ቢያቆዩትም አይለቅም። ትንንሽ ሆኖ የተቆራረጠ ሥጋ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ በይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ ሥጋውን ሳይቆርጡ፣ ቢቻል ከአጥንቱ ሳይለዩ፣ ዝንብ በማይደርስበትና ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ሰቅለው የሰውነቱ ሙቀት ይውጣለት፣ ከዚያ በወጥነቱ ፍሪጅ ውስጥ (ፍሪዘር ሳይሆን) ያስገቡ። 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ በፌስታል ሳይታፈን፣ ከሥሩ ትሪ ባለው ሽቦ ላይ።

ፍሪጅ ከሌለ ማሳደሩን ይተዉት። የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀኑ ይሞቃል፤ ባሕር ዳር ላይማ የሚታሰብ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ፍሪንባውን ወይም ወርቹን በዚያው ቀን በረጅሙ ዘዴ ያብስሉ (ከታች አለ)፣ የተረፈውን ዘልዝለው ቋንጣ ያድርጉት።

ጨው መቼና ምን ያህል?

ለ1 ኪሎ ሥጋ 13 ግራም ገደማ። ለ3 ኪሎ 40 ግራም ይሆናል፤ በደቃቅ ጨው ሁለት ልክ ልክ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ሲነሰነስ ብዙ ይመስላል፣ ግን ወደ ውስጥ ስለሚገባ ጣዕሙ ልከኛ ነው።

ሰዓቱ ከመጠኑ እኩል ወሳኝ ነው። ጨው መጀመሪያ ከሥጋው ውሃ ይስባል፣ ከዚያ ውሃው ከነጨው ተመልሶ ይገባል፤ በመንገዱም ክሮቹ ውሃ እንዲይዙ ያደርጋል። ለዚህ ትልቅ ሥጋ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይፈልጋል። ማምሻውን ጨው ያደረጉበት፣ ሳይከደን ፍሪጅ ያደረ ሥጋ ላዩ ደርቆ ያገኙታል፤ ደረቅ ገጽ ደግሞ ቶሎ ይቀላል። ጊዜ ካጡ ልክ ፍም ላይ ሊያወጡት ሲሉ ይነስንሱ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት በፊት መነስነስ ከሁለቱም ይብሳል፦ ውሃው ወጥቶ ገና ያልተመለሰበት ጊዜ ነው፣ ሥጋው ከመቅላት ይልቅ በእንፋሎት ይገረጣል።

የትኛው ከሰል ይሻላል? ስንት ኪሎስ ይበቃል?

በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማና በእንጅባራ አካባቢ ገበሬው ተክሎ የሚያከስለው የዲከረንስ ከሰል በጎጃም በቀላሉ ይገኛል፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ጥብስ ጥሩ ነው። ከአሮጌ ግራር የተከሰለ ካገኙ ረዘም ላለው ይያዙት፣ ፍሙ ይቆያል። ከማዳበሪያው ሥር ያለውን ብናኝ አይጠቀሙ፤ አየር ይዘጋል። እርጥበት የነካው ከሰል እየተፈናጠረ ሥጋው ላይ ብናኝ ስለሚጥል በክረምት ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ።

ለ3 ኪሎ ሽንጥ በ1 ኪሎ ተኩል ይጀምሩና በየ40 ደቂቃው ግማሽ ኪሎ ይጨምሩ፤ በጠቅላላው 2 ኪሎ ተኩል ያህል። የሚጨመረውን ከሰል በሌላ ማንደጃ አቀጣጥለው ፍም ሆኖ ይጨምሩት። ጥቁሩ ከሰል ሥጋው ሥር ሲቀጣጠል የሚያወጣው ጭስ መራራ ነው።

በፌስታል፣ በጎማ ወይም በላምባ አይለኩሱ። ሽታው ሥጋው ላይ ይቀራል፣ የፕላስቲክ ጭስ ደግሞ መርዝ ነው። ጭራሮና ማርገብገቢያ ይበቃሉ፤ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይስጡት፣ ከሰሉ በሙሉ ግራጫ አመድ ሲለብስ ዝግጁ ነው። ማንደጃው ሁልጊዜ ደጅ ወይም ክፍት በረንዳ ላይ ይሁን። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል፤ የዝናብ ቀን ቢሆንም እንኳ ወደ ቤት አይገባም።

በርሜል ተሰንጥቆ የተሠራ መጥበሻ አለኝ። እሳቱን እንዴት ልደርድረው?

ፍሙን በሙሉ ወደ አንድ ጎን ሰብስበው ሌላውን ጎን ባዶ ይተዉት። ሥጋው የሚቀመጠው ባዶው ላይ ነው። በባዶው በኩል ከታች ትንሽ ውሃ ያለበት ትሪ ቢያኖሩ የሚንጠባጠበውን ጮማ ይቀበላል፤ ጮማ ፍም ላይ ሲወድቅ የሚነሳው ነበልባል ሥጋውን ጥላሸት ያለብሰዋል። ፍርግርጉ ከፍሙ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ፍርግርጉን ከዚንክ ከተለበጠ የአጥር ሽቦ አያሠሩ፤ ልባጩ በኃይለኛ ሙቀት መርዛማ ጭስ ያወጣል። ያልተቀባ ፌሮ ወይም አይዝጌ ብረት ይሁን።

መክደኛ ያስፈልጋል። ካልተከደነ ሥጋው ከሥር ብቻ ይሞቃል፣ ከላይ በነፋስ ይቀዘቅዛል፤ የሁለት ሰዓት ሥራ አራት ይሆናል። የበርሜሉ ግማሽ ክዳን ከሌለው ትልቅ ሰታቴ ገልብጠው ሥጋው ላይ ይድፉበት፣ በፍሙ በኩል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት በድንጋይ ወይም በብረት ያስቀሩለት። የብረት አክንባሎም ጥሩ መክደኛ ይሆናል።

ሙቀቱን ለመገመት መዳፍዎን ከፍርግርጉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይያዙ። ከፍሙ በላይ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ብቻ የሚያስችል፣ ከባዶው በላይ ደግሞ ከ7 እስከ 8 ሰከንድ የሚያስችል ከሆነ ልኩ ነው። ከባዶው በላይ ከ5 ሰከንድ በታች ከሆነ ፍም ይቀንሱ።

3 ኪሎ ሽንጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ይጠበሳል?

ማታ ጨው ያደረጉበትን ሥጋ አውጥተው በንጹህ ጨርቅ ያድርቁት፣ በንጥር ቅቤ ስስ አድርገው ይቀቡት። ባዶው ጎን ላይ የጮማውን ፊት ወደ ፍሙ አዙረው ያስቀምጡና ይክደኑ። በየ20 ደቂቃው ይገልብጡት፣ ጎኑንም ያዙሩት፤ ከዚያ ውጭ አይክፈቱ። ጭስ ከወደዱ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ደረቅ ወይራ ፍሙ ዳር ላይ ጣል ያድርጉ። የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ግን አይሆንም፤ ዘይቱ ሥጋውን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል።

ከ50 እስከ 70 ደቂቃ ባለው ጊዜ መሃሉ 54 ዲግሪ ይደርሳል። ያኔ ክዳኑን አንስተው፣ ፍሙን አርገብግበው፣ ሥጋውን ቀጥታ ፍም ላይ ያውጡት። በእያንዳንዱ ፊት ከአንድ ተኩል እስከ 2 ደቂቃ፣ በመቆንጠጫ እያገላበጡ፤ በሹካ አይውጉት። መሃሉ 60 ሲል ያንሱት። እንጨት መክተፊያ ላይ አድርገው በላላ ፎይል ወይም በድስት ክዳን ሸፍነው 20 ደቂቃ ያሳርፉት። በዚህ ጊዜ የውጩ ሙቀት ወደ ውስጥ እየገባ መሃሉን ወደ 63 ያደርሰዋል፣ ጭማቂውም ትንሽ ይወፍራል። ወዲያው ከተቆረጠ ያ ጭማቂ መክተፊያው ላይ ይፈሳል።

መብሰሉን ሳልቆርጥ እንዴት አውቃለሁ?

ሹል ጫፍ ያለው ዲጂታል የሥጋ ቴርሞሜትር ቢገዙ ከሌላ ከማንኛውም ዕቃ ይልቅ ይጠቅምዎታል። ጫፉ በጣም ወፍራሙ ቦታ መሃል ይድረስ፣ አጥንት አይንካ፤ ከጎን በኩል ያስገቡት። ሲያነሱት 60 ከነበረ ካረፈ በኋላ መሃሉ ሮዝ መልክ ያለውና ጭማቂ የሞላው ነው፤ 66 ከነበረ ግራጫ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፤ 70 ካለፈ ሽንጥ ደርቋል።

ቴርሞሜትር ከሌለ ቀጭን ንጹህ የብረት ሹል መሃሉ ድረስ አስገብተው 10 ሰከንድ ያቆዩ፣ አውጥተው ጫፉን በታችኛው ከንፈርዎ ይንኩ። ቀዝቃዛ ከሆነ ጥሬ ነው፣ ለብ ካለ ወደ 55 ቀርቧል፣ ከንፈርዎን ቆጥቆጥ ካደረገዎት 65ን አልፏል። በየደቂቃው አይሞክሩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ45 ደቂቃ በኋላ ይበቃል።

መሃሉ ቀላ ያለ ከሆነ ኮሶ አይዘኝም?

የኮሶ ትል እጭ የሚቀመጠው በጡንቻው ውስጥ ስለሆነ ላዩን ማቃጠል አይገድለውም፤ መሃሉ መሞቅ አለበት። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለወጥ የበሬ ሥጋ የሚያዘው ከእሳት ሳይወርድ 63 ዲግሪ መድረስና ከዚያ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ዕረፍት ነው፤ ከላይ በሰጠነው አሠራር ግን መሃሉ 63 የሚደርሰው በዕረፍቱ ላይ ነው። ስለዚህ መመልከት ያለብዎት ቀለሙን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። በቴርሞሜትር ያልተረጋገጠ ቀይ መሃል ግን ዋስትና የለውም።

ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም በሕመም የደከመ ሰው ከሚበላው ጎን 71 ዲግሪ ይድረስ። ቀጭኑ ጫፍ ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚበስል ለእነሱ ከዚያ ቆርጠው ማቅረብ ይቻላል፣ ለክተው። ሥጋውን በቢላዋ ወግተው ነጭ ሽንኩርት ወይም ቃሪያ ከሰኩበትም 71 ያድርሱት፤ ከላይ ያለው ባክቴሪያ ከቢላዋው ጋር ወደ ውስጥ ገብቷል።

በሎሚ፣ በጠጅ ወይም በፓፓያ መዘፍዘፍ ያለሰልሰዋል?

ትልቁን ሥጋ አያለሰልሰውም። የሎሚም ሆነ የጠጅ ኮምጣጣነት በአንድ ሌሊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚገባው፤ ቀሪው 8 ሳንቲ ሜትር እንደነበረ ነው። ላዩ ደግሞ ረጅም ሰዓት ሎሚ ውስጥ ከቆየ ነጣ ብሎ ይፈረፈራል። ጥሬ ፓፓያ ክር የሚቆርጥ ኢንዛይም ስላለው በእርግጥ ይሠራል፣ ግን ለቀጫጭን ዝልዝል ነው፦ ለ1 ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈገፈገ ጥሬ ፓፓያ፣ ለ30 ደቂቃ። ከዚያ ካለፈ ሥጋው ሊጥ ይሆናል። ሎሚውን ከተቆረጠ በኋላ ቢጨምቁበት ጣዕሙ የተሻለ ነው።

አዋዜ፣ ማርና የጥብስ ቅጠል መቼ ይገባሉ?

በርበሬ ቶሎ ያርራል፣ ያረረ በርበሬ ደግሞ ይመራል። አዋዜውን ሥጋው ሊነሳ 5 ደቂቃ ሲቀረው ይቀቡት፣ ወይም ለማጥቀሻ ያቅርቡት። ማርም እንዲሁ፣ ስኳሩ ፍም ላይ በደቂቃዎች ይጠቁራል፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ማር በ1 ማንኪያ አዋዜ በጥብጠው መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ። የጥብስ ቅጠሉን በንጥር ቅቤ ትንሽ አሙቀው ባረፈው ሥጋ ላይ ያፍስሱት። ያልተነጠረ ቅቤ ፍም ላይ አይቀባም፤ አጓቱ ያርራል።

ከፍሪዘር የወጣ ሥጋስ?

ሙሉ በሙሉ ይቅለጥ። 2 ኪሎ ተኩል በፍሪጅ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል። መሃሉ በረዶ የያዘ ሥጋ ላዩ ሲያልቅ መሃሉ ገና 10 ዲግሪ ነው።

ቀድሞ ቀቅሎ ከዚያ መጥበስ አይሻልም?

ለሽንጥ፣ ለዳቢትና ለጎድን አይሻልም፤ ጭማቂውን ለመረቁ ሰጥተው ደረቁን ይጠብሳሉ። ለወርች ግን እውነተኛ መፍትሔ ነው። ውሃው ሳይንተከተክ፣ ብቻ ፈገግ እያለ፣ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ያብስሉት፤ በዚያው መረቅ ውስጥ በረድ ይበል፣ ከዚያ አድርቀው ቅቤ ቀብተው ኃይለኛ ፍም ላይ 10 ደቂቃ ያቅሉት።

ለብዙ ዓመት ያረሰ በሬ ሥጋ ለጥብስ ይሆናል?

ጅማት ከዕድሜ ጋር እርስ በርሱ ይቆላለፋል። በወጣት ሰንጋ ሥጋ ላይ በ3 ሰዓት የሚቀልጠው፣ በ10 ዓመት አራሽ በሬ ላይ 6 ሰዓት ቆይቶም ሊቀር ይችላል። ቀንበር የተሸከመው ትከሻና አንገት ከሁሉ ይብሳል። ከእርሻ ወጥቶ በፋጉሎና በአተላ ጥቂት ወራት የሰባ በሬ ስብ ያገኛል፣ ጣዕሙም ያምራል፤ ጅማቱ ግን ወጣት አይሆንም። ከእንዲህ ዓይነቱ በሬ ለፍም የሚመረጡት ሽንጡና ጭቅናው ናቸው፣ ያውም ከ4 ቀን በላይ በቅዝቃዜ ከቆዩ። የቀረውን ለወጥና ለቅቅል ያውሉት፤ በግፊት ድስት ከሆነ ይበልጥ ይለሰልሳል።

ሻኛ በወጥነቱ ይጠበሳል?

ይጠበሳል፣ ያምራልም፤ እንደሚገባው ያልተሞከረ ብልት ነው። በውስጡ ስቡና ጅማቱ ተደራርበው ስለተሸመኑ በአጭር እሳት ይጠነክራል፣ በረጅሙ ግን ራሱን ያርሳል። ሻኛ ያላቸውን ከብቶች በብዛት የሚያረቡት ብራዚሎች ኩፒም ብለው ለሰዓታት ጠቅልለው ያበስሉታል። 2 ኪሎ ሻኛ ጨው አድሮበት፣ በፎይል ሁለቴ ተጠቅልሎ፣ ባዶው ጎን ላይ ተከድኖ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ፎይሉን ፈትተው ፍም ላይ በየፊቱ 2 ደቂቃ ያቅሉት።

ፍሪንባው ለሁለት ሰዓት 68 ዲግሪ ላይ ቆመ። እሳት ልጨምር?

አይጨምሩ። ትልቅ ሥጋ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ ከላዩ የሚተነው ላብ የሚገባውን ሙቀት ያህል ያወጣዋል፤ ቁጥሩ ይቆማል። እሳት ቢጨምሩ ላዩ ይደርቃል እንጂ መሃሉ አይፈጥንም። መፍትሔው ትነቱን መዝጋት ነው። ለ3 ኪሎ ፍሪንባ የመጀመሪያዎቹን 2 ሰዓታት ገላጣውን በወይራ ጭስ ያቆዩት፣ ከዚያ ይጠቅልሉት። ለድፎ ዳቦ የምንጠቀምበት የኮባ ቅጠል ለዚህ ተስማሚ ነው፦ እንዳይሰነጠቅ በፍም ላይ አለፍ አለፍ አድርገው ያለዝቡት፣ በሦስት ድርብ ጠቅልለው በክር ይሰሩት፣ ከውጭ ፎይል ቢደርቡበት ይመረጣል። ከዚያ ሌላ ከ3 እስከ 5 ሰዓት። ሲደርስ ሳይፈቱ 45 ደቂቃ ያሳርፉት።

የውጭ አገር አሠራሮች ፍሪንባ 95 ዲግሪ ይድረስ ይላሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ለምን አይደርስልኝም?

ከፍታው ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር 94፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ባሉት ደብረ ማርቆስና እንጅባራ 92 ገደማ ነው። ሥጋ በውስጡ ውሃ እስካለ ድረስ ከዚያ አያልፍም፤ 95 እስኪል የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው እስኪደርቅ ነው። እዚህ ከ86 እስከ 90 ባለው ላይ ሆኖ አንድ ሰዓት ያህል ተጨማሪ መቆየት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ውሳኔው የሹሉ ነው፦ የብረቱ ሹል በራሱ ክብደት ያህል፣ ሳይያዝ ገብቶ ከወጣ ደርሷል።

በዚሁ ምክንያት ቴርሞሜትር በፈላ ውሃ ሲፈትሹ 92 ቢያሳይ ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት። ይልቁንም በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ብርጭቆ ይፈትሹት፤ 0 ካሳየ፣ ቢበዛም 1 ዲግሪ ቢሳሳት፣ ደህና ነው። የ60ና የ63 ዲግሪው ቁጥር በከፍታ አይለወጥም።

ጥሩ በስሎ ሲቀርብ አሁንም ያስቸግራል። ምን ቀረ?

አቆራረጡ። ዝልዝል የለመደ እጅ የክሩን አቅጣጫ ተከትሎ ይቆርጣል፤ ለቋንጣ ትክክል ነው፣ ለዚህ ግን ረጃጅሙን ክር ለጥርስ ይተውለታል። ሥጋው ጥሬ ሳለ ክሩ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ፣ ጫፉ ላይ በአግድም ትንሽ ቆርጠው ምልክት ያድርጉ፤ ከተጠበሰ በኋላ ለማየት ይከብዳል። ሲቀርብ በደንብ በተሞረደ ረጅም ቢላዋ፣ ክሩን አቋርጠው፣ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይቁረጡ። ፍሪንባ ላይ ሁለት ንብርብር ጡንቻዎች አሉ፣ ክራቸውም በተለያየ አቅጣጫ ይሄዳል፤ መካከላቸው ባለው ስብ ላይ ለይተው እያንዳንዱን ለብቻው ይቁረጡ።

ለድግስ 15 ኪሎ መጥበስ እፈልጋለሁ። ሰዓቱን በአምስት ላባዛ?

አይባዛም። ጊዜውን የሚወስነው ክብደቱ ሳይሆን ውፍረቱ ነው። አምስት ባለ 3 ኪሎ ሥጋዎች፣ እያንዳንዳቸው 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካላቸው፣ በአንድ ሰፊ መጥበሻ ላይ እንደ አንዱ ያህል ጊዜ ይወስዳሉ፤ በመካከላቸው 4 ጣት ያህል አየር የሚያልፍበት ይኑር። ውፍረቱ እጥፍ ከሆነ ግን ጊዜው ከእጥፍ በእጅጉ ይበልጣል፤ ሙሉ ታፋ በፍም ላይ ማገላበጥ ለዓይን ቢያምርም ላዩን ደረቅ፣ አጥንቱ ሥር ጥሬ አድርጎ ነው የሚሰጠው። የሚያስፈልገው ፍም በመጥበሻው ስፋት ልክ ያድጋል፤ ለ15 ኪሎ ከ9 እስከ 10 ኪሎ ከሰልና ፍም ብቻ የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመድቡ።

እንግዳ ከመድረሱ ከ1 ሰዓት በፊት ይጨርሱ። ካረፈ በኋላ በፎይል ጠቅልለው ክዳን ባለው፣ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ በሞቀ ሰታቴ ውስጥ ያስቀምጡት፤ በወፍራም ጨርቅ ከተሸፈነ አንድ ሰዓት ሙቀቱን ይይዛል። ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ሥጋው የሚቆረጠው እንግዳው ወደ ማዕድ ከቀረበ በኋላ ነው፤ አንድ ሥጋ ሲያልቅ ቀጣዩን ያውጡ።